አንዷን ቡችላ ማምጣት ወይስ የሰፈሩን ውሾች ማሳከም?

"ውሻ ምን አገባት ከእርሻ" ይላሉ አበው። የዚህን ጽሑፍ ርእስ ያየ አንባቢም "ሰው እየተራበና እየተፈናቀለ የምን የውሻ ወሬ ነው?" ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ለመናገር እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ እል ነበር።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነችኝ ልጄ ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 ክረምት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቤተሰቤን ይዤ ጉለሌ ወደሚገኘው የእናቴ ቤት ሄጄ ነበር። ከአጥራችን ውጪ፣ ከልኳንዳው ጎን፣ አንዲት ባለቤት የሌላት ውሻ አምስት ቡችሎች ወልዳለች። የ11 ዓመቷ ልጄ ከአምስቱ አንዷን መርጣ ስም አወጣችላትና "አሜሪካ ይዘናት እንሂድ" ብላ አለቀሰች። እናቴ ሳቀች። "ሰው ቪዛ ባጣበት ዘመን ለውሻ?" አለች። እኔ ግን መሐንዲስ ነኝና ወረቀትና እስክሪብቶ አንስቼ ማስላት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ስሌት የጉዞው ነበር። አሜሪካ በውሾች መካከል የሚዘዋወረውን የእብድ ውሻ በሽታ ማጥፋቷን ያረጋገጠችው በ2007 ነው። ይሁን እንጂ በ2021 ከአዘርባይጃን ለማደጎ ከመጡ 33 ውሾች አንዱ ፔንሲልቬንያ ከደረሰ በኋላ በሽታው ተገኘበት። በዚያው ዓመት መንግሥት በሽታው ከበዛባቸው አገሮች ውሻ ማስገባትን ለጊዜው አገደ። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ የጸናው ደንብ ደግሞ ከስድስት ወር በታች የሆነን ውሻ ጭራሽ አያስገባም። ኢትዮጵያ ስጋቱ ከፍተኛ ነው ከተባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ስለዚህ በቅድሚያ ማይክሮቺፕ፣ ቀጥሎ ክትባት፣ ከዚያም የደም ምርመራ ያስፈልጋል። የምርመራው ውጤት ከሌለ ውሻዋ አሜሪካ ስትደርስ በተመዘገበ ማቆያ ለ28 ቀናት ተለይታ ትቀመጣለች። የአውሮፓ ኅብረትም ቢሆን ክትባቱ ከተሰጠ ከ30 ቀን በኋላ ደም አስመርምሮ ሦስት ወር መጠበቅን ይጠይቃል። ሁሉንም ስደምር ወጪው ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ሆነ።

ሁለተኛው ስሌት የበለጠ አሳሰበኝ። አንዷን ብንወስድ በሰፈሩ ምን ይለወጣል? አንዲት ሴት ውሻ የምታረግዘው ለሁለት ወር ገደማ ሲሆን በዓመት እስከ ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። አብዛኞቹ ቡችሎች ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። የሚተርፉትን ቁጥር የሚወስነው ምግብ ነው፦ የልኳንዳው አጥንት፣ የሆቤቱ ትራፊና በየጥጉ የተጣለው ቆሻሻ። "ውሻ በበላበት ይጮኻል" የሚለው ተረት ለካ የሥነ ሕይወት ትምህርትም ነው! አንዱ ውሻ ሲነሳ ሌላው ቦታውን ይይዛል። ቧንቧው ክፍት ሆኖ ውሃውን በጣሳ እንደመጨለፍ ማለት ነው።

በከተሞቻችን ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው መርዝም የሚወድቀው በዚሁ ስሌት ነው። መርዙ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም፤ በሞቱት ምትክ የሚወለዱት ደግሞ ያልተከተቡ ናቸው።

ይህ ለእኔ የሂሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጅ ሳለሁ አብሮን ኳስ የሚጫወት አንድ ልጅ በውሻ ተነከሰ። ቁስሉ ድኖለት ነበር። ከሳምንታት በኋላ ግን ውሃ መዋጥ አቃተው፤ በቀናት ውስጥም አረፈ። የለቅሶው ድንኳን የተተከለው አሁን ልጄ ከቡችላዋ ጋር ስትጫወት ከነበረበት ቦታ ሃያ እርምጃ ርቆ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው ይሞታል፤ በሽታውን ወደ ሰው ከሚያስተላልፉት ውስጥ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ውሻ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ክትባት ቢጀምር ይድናል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ውሾቹን ይዞ ማምከን፣ መከተብና ወደ ነበሩበት መመለስ ነው። የመከነውና የተከተበው ውሻ ቦታውን ይዞ ስለሚቆይ ለአዲስ መጤ ክፍተት አይኖርም፤ ለሰፈሩም እንደ አጥር ይሆናል። በሽታው እንዳይዛመት ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት ውሾች መከተብ አለባቸው። በሕንድ ጃይፑር ከተማ ይህ ሥራ የተጀመረው በ1994 ነበር። በስምንት ዓመት ውስጥ ፕሮግራሙ በሚሠራበት አካባቢ 65 በመቶ የሚሆኑት ሴት ውሾች መከኑ፣ ተከተቡ። የውሾቹ ቁጥር በ28 በመቶ ቀነሰ፤ በበሽታው የሚያዝ ሰውም እዚያ ጠፋ። ቡታን ደግሞ በ2009 ከውጭ ግብረ ሰናይ ድርጅት ጋር ጀምራ ከ150 ሺህ በላይ ውሾችን ካመከነች በኋላ፣ በ2023 ባለቤት አልባ ውሾቿን ሁሉ ማዳረሷን አስታውቃለች። ቡታን ሀብታም አገር አይደለችም።

እኛም በትንሹ ሞከርነው። በዘመድ በኩል የእንስሳት ሐኪም አገኘንና የመንገዳችንን ዘጠኝ ውሾች አስከተብን፤ አምስቱን ሴቶች አስመከንን። ባለ ልኳንዳው ቁርጥራጭ ሥጋ እየወረወረ አስያዘን። የጎረቤት ዘበኛ "የመከነ ውሻ አይጮህም" ብሎ ቢከራከር እናቴ "በሬስ ተቀጥቅጦ አይደል እንዴ የሚያርሰው?" ብላ አፉን አስያዘችው። ወጪው ቡችላዋን ለማምጣት ካሰላሁት ግማሽ አልሞላም።

ልጄ ግን ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ጥቅምት ላይ እናቴ ደውላ፣ ያቺ የተመረጠችው ቡችላ በመኪና ተገጭታ መሞቷን ነገረችን። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ የልጄም ሐዘን ትክክል ነበር። ስለዚህ ውሻ ወደ ውጭ ወስዶ የሚያሳድግን ሰው አልነቅፍም። ጎዳና ላይ መኖር የማይችል የተጎዳ ውሻ፣ ወይም ከባለቤቱ ጋር የኖረ ውሻ ቢወሰድ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን ለእንዲህ ያለ ድርጅት ገንዘብ ከመስጠታችን በፊት "አንድ ውሻ በወሰዳችሁ ቁጥር እዚያው ስንት ሴት ውሾች አመከናችሁ? ስንት ከተባችሁ?" ብለን እንጠይቅ። መልስ ከሌላቸው ጣሳውን እንጂ ቧንቧውን አልነኩም።

የእኛም ዘጠኝ ውሾች ከተማ አያድኑም። ከቀጣዩ መንገድ ሌላ ውሻ ይመጣል፤ ክትባቱም መታደስ አለበት። ሥራው ቀጣይነትና ድርጅት ይፈልጋል። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለን፤ በየከተማው ወጣት ሐኪሞች አሉን። በየአገሩ ያሉ የዳያስፖራ ማኅበራት ለክትባት፣ ለቀዶ ሕክምና መሣሪያና ለሥልጠና ጥቂት ቢመድቡ ከከተማም ያለፈ ጥቅም ይገኛል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎቻችን በባሌ በ2003 በብዛት ያለቁት ከውሾች በተላለፈ በዚሁ በሽታ ነበርና።

ልጄ ለቡችላዋ ጉዞ ብላ የጀመረችውን ቁጠባ አላቆመችም። አሁን ለአያቷ ስትደውል ከሰላምታ ቀጥላ የምትጠይቀው "ክትባታቸው ታደሰ ወይ?" ብላ ነው።

ቸር ይግጠመን።