ድምፅ በዓይን ሲታይ፦ የኦዳሲቲ ገጽ እንዴት ይነበባል?

ኦዳሲቲን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍት ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። ከላይ ቁልፎች ተደርድረዋል፣ ከታች ቁጥሮች ተኮልኩለዋል፣ ሜኑው ሲነካ ደግሞ ረጃጅም ዝርዝሮች ይወርዳሉ። ብዙ ጀማሪ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየነካ ለመማር ይሞክርና ብዙም ሳይገፋ ይሰለቻል። ነገሩ የሚቀለው ግን ከቁልፎቹ ሳይሆን መሐል ካለው ባዶ ቦታ ሲጀመር ነው።

ኦዳሲቲ በነጻ የሚገኝ የድምፅ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ዶሚኒክ ማዞኒና ሮጀር ዳነንበርግ ጀመሩት፤ በ2000 ለሕዝብ ቀረበ። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ክፍያ ስለማይጠይቅና በአሮጌ ላፕቶፕም ሊሠራ ስለሚችል፣ ፖድካስት ወይም ትረካ ቤቱ ሆኖ ለሚያዘጋጅ ሰው ጥሩ መነሻ ነው።

ድምፅ ሲቀዳ ወይም ፋይል ሲገባ ባዶው ቦታ ላይ ሰማያዊ ሞገድ ይዘረጋል። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው ጊዜ ነው፤ የሞገዱ ቁመት ደግሞ የድምፁ ጉልበት። ተናጋሪው ዝም ሲል ቀጭን መስመር ብቻ ይቀራል፤ ሲስቅ ሞገዱ ይወፍራል፤ ሳል ወይም የጠረጴዛ ምት እንደ እሾህ ነጠል ብሎ ይቆማል። ይህን የለመደ ሰው የት ቦታ እንደሚቆረጥ ከማዳመጡ በፊት በዓይኑ ይገምታል።

አንድ ሰዓት የፈጀ ቃለ መጠይቅ በአንድ ስክሪን ስፋት ሲታይ ግን ቃል ከቃል አይለይም። በዊንዶውስ ኮንትሮልና 1 ሲጫኑ ሥዕሉ ይጎላል፣ ኮንትሮልና 3 ያሳንሰዋል፣ ኮንትሮልና ኤፍ ደግሞ ሙሉውን ቅጂ መልሶ ስክሪኑ ላይ ያመጣዋል። እነዚህን ሦስቱን ያወቀ ሰው በረጅም ቅጂ ውስጥ አይጠፋም። እያዳመጡ ምልክት ማኖርም ይቻላል፦ ኮንትሮልና ኤም ሲጫኑ ከሞገዱ ሥር የጽሑፍ ሳጥን ይከፈታል፤ «እዚህ ጋ ሳል አለ» ብሎ ጽፎ ማለፍ ነው።

ከላይ ያሉት ትልልቅ ቁልፎች ቴፕ ለተጠቀመ ሰው እንግዳ አይሆኑበትም። ሦስት ማዕዘኑ ያጫውታል፣ ሁለቱ ቋሚ መስመሮች ፖዝ ናቸው፣ አራት ማዕዘኑ ስቶፕ፣ ቀዩ ክብ መቅጃ። በቴፕ ዘመን የሬዲዮ ባለሙያ ያልተፈለገውን ቃል የሚያወጣው ቴፑን በምላጭ ቆርጦ ጫፍና ጫፉን በማጣበቅ ነበር። ዛሬ ቦታውን በማውስ መርጦ ዲሊትን መጫን ይበቃል፤ ቢሳሳት ኮንትሮልና ዜድ ይመልስለታል።

ፖዝና ስቶፕን መለየት ተገቢ ነው። ፖዝ ቀረጻውን ለጊዜው ያቆየዋል እንጂ አይዘጋውም። ቀረጻው ሳይዘጋ ሜኑ የከፈተ ሰው ብዙ ትዕዛዞች ደብዝዘው፣ ቢነኩም የማይሠሩ ሆነው ያገኛቸዋል። ሶፍትዌሩ አልተበላሸም፤ ስቶፕ እስኪባል ይጠብቃል።

በእያንዳንዱ ትራክ (ሞገዱ በተዘረጋበት የድምፅ መስመር) ግራ ጠርዝ ትንሽ ሰሌዳ አለች። ሚዩት ያንን ትራክ ብቻ ዝም ያሰኛል፤ ሶሎ ሌሎቹን ዝም አሰኝቶ እሱን ብቻ ያሰማል። አንዱ ተንሸራታች ደግሞ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ንግግሩ በአንድ ትራክ፣ የመግቢያው ሙዚቃ በሌላ ትራክ ሲሆን ንግግሩ ሳይነካ ሙዚቃውን ብቻ ዝቅ ማድረግ የሚቻለው እዚህ ነው።

የኤዲት ሥራ በአብዛኛው አንድ ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ይመረጣል፣ ከዚያ ይታዘዛል። የቬንቲሌተር እምምታ የገባበትን ቅጂ ለማጽዳት ማንም የማይናገርበት፣ እምምታው ብቻ የሚሰማበት ሁለት ሦስት ሰከንድ ይመረጣል። ከኢፌክት ሜኑ የኖይዝ ሪዳክሽን መስኮት ተከፍቶ የመጀመሪያው ደረጃ ቁልፍ ሲነካ መስኮቱ ይዘጋል፤ ቅጂው ላይ ግን ምንም ለውጥ አይሰማም። እዚህ ላይ ተስፋ የሚቆርጥ ብዙ ነው። እስካሁን የሆነው ሶፍትዌሩ የእምምታውን ጠባይ ማጥናቱ ብቻ ነው። አሁን ሙሉው ቅጂ ተመርጦ ያው መስኮት ዳግም ተከፍቶ ኦኬ ሲባል ጽዳቱ ይፈጸማል። ከልክ ካለፈ የተናጋሪውን ድምፅ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ከመጨረስ በፊት ፕሪቪው ተጭኖ ይደመጣል።

በቀረጻ ጊዜ ዓይን ከድምፅ መለኪያው መነሳት የለበትም። መለኪያው በዴሲቤል ይቆጥራል፤ 0 ጣሪያው ነው። ከፍተኛው ጫፍ ከ0 በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ሲሆን ቀረጻው ደህና ነው። ጣሪያውን የነካ ድምፅ ጫፉ ተቆርጦ ይሻክራል፤ በኋላ ቢቀንሱትም ሻካራነቱ አይለቅም። መፍትሔው የማይክሮፎኑን የድምፅ መጠን አስቀድሞ መቀነስ ነው።

የመጨረሻው ግራ መጋባት ፋይል ሜኑ ውስጥ ይገኛል። ፕሮጀክቱን ሴቭ ማድረግ ትራኮቹንና ምልክቶቹን ከነሥራቸው ያኖራል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ስሪት 3.0 ጀምሮም ሁሉም በአንድ ፋይል ይጠቃለላል። ይህ ፋይል ግን ለኦዳሲቲ የተሠራ ስለሆነ በቴሌግራም የተላከለት ሰው በስልኩ ማጫወቻ ሊያዳምጠው አይችልም። ለአድማጭ የሚላከው ኤክስፖርት ተደርጎ የሚወጣው ኤምፒ3 ወይም ዋቭ ነው። ፕሮጀክቱ በኮምፒውተሩ ይቀመጣል፤ ሙዚቃው በዝቷል የሚል አስተያየት ቢመጣ ያን ትራክ ብቻ ዝቅ አድርጎ እንደገና ኤክስፖርት ማድረግ ይቻላል።