ደነባ ላይ ቤት ለሚገዛ

ደነባ ከደብረ ብርሃን በስተ ምዕራብ የምትገኝ የደጋ ከተማ፣ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ መቀመጫ ናት። ዙሪያዋ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር የሚበቅልበት ነው። ቤት ፈላጊ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በቆርቆሮው አዲስነትና በክፍሎቹ ብዛት ላይ ነው። እዚህ ግን ገዢን የሚጠቅመውም የሚያከስረውም ከወለሉ በታች ያለው ነው፤ አፈሩና የመሬቱ መብት።

የአካባቢው ጥቁር መረሬ ለእህሉ ሲሳይ፣ ለቤቱ ፈተና ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ የቆመ ግድግዳም አብሮት ይነሣል፣ ይወርዳል። ጥሩ ግንበኛ ጥቁሩን አፈር አስወጥቶ መሠረቱን በድንጋይና ተመርጦ በሚመጣ የሙሌት አፈር (ሴሌክት) ይሞላል፤ ዙሪያውንም የጎርፍ ቦይ ያወጣል። ስለዚህ ቤቱን ሁለት ጊዜ ማየት ይበጃል፦ በነሐሴ ውኃው የት እንደሚተኛ፣ በበጋ ግድግዳው የት እንደተሰነጠቀ።

ወደ መብቱ እንምጣ። በ1967 ዓ.ም. የገጠርም የከተማም መሬት ከግል ባለቤትነት ወጣ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ አጸና። ሻጭ የሚያስተላልፈው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ሰጠ፤ ነባር ይዞታም ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ደነገገ። ገዢ የሚደርስበትን የሊዝ ክፍያ ማዘጋጃ ቤቱን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከከተማው ጥግ ተቆርሶ የሚቀርብ የእርሻ መሬት ነገሩ ሌላ ነው። ገበሬው ሊያከራየውና ሊያወርሰው ይችላል፤ ሊሸጠው አይችልም። በሽማግሌ ፊት የተፈረመ የመንደር ውል ይህን አይለውጥም፤ ብዙ ቤተሰብ ጥሪቱን ያጣው በዚህ መንገድ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሕግ ሥልጣን ባለው አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። የይዞታ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ እዳና እገዳ መኖር አለመኖሩ ይጣራ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ይፈርም።

ውሉ ካለቀ በኋላ ኑሮው ይጀምራል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ኮርኒስ እዚህ ቅንጦት አይደሉም። አዲስ ነዋሪ ሳይውል ሳያድር እድር ይግባ፤ በደጋ ከተማ ለሐዘንም ለችግርም ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። የአፈሩንም ጠባይ፣ የቦታውንም ታሪክ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ፣ ቀብድ ከመክፈል በፊት የእሱን በር ማንኳኳት ይገባል።