ባዶ የሚመስለው መርሐ ግብር፦ የውጭ አገር ተማሪ ጊዜ ወዴት ይሄዳል?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪውን አግኝቶ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ስዊድን የተጓዘ ተማሪ የትምህርት መርሐ ግብሩን ሲቀበል በቅድሚያ የሚሰማው እፎይታ ሊሆን ይችላል። በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ትምህርት አለ፤ የቀረው ባዶ ነው። በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የመመገቢያ አዳራሹ በሰዓቱ ይከፈታል፣ በሰዓቱ ይዘጋል። መምህሩ የተገኘውንና የቀረውን ይመዘግባል፤ አጫጭር ፈተናዎች በየጊዜው ይሰጣሉ፤ ተኝቶ ያረፈደውን የዶርም ጓደኞቹ ይቀሰቅሱታል። በአዲሱ አገር ግን የሚቀሰቅስ የለም። ሳምንታቱ በእርጋታ ያልፋሉ፤ ፈተናው ሲቃረብ ያልተነበበው ገጽ በመቶዎች ይቆጠራል።

መዘዙ ከውጤት ያልፋል። በስዊድንም ሆነ በሌሎች በርካታ አገሮች የተማሪ የመኖሪያ ፈቃድ ሲታደስ ትምህርቱ በአግባቡ መቀጠሉ ይታያል። ስለዚህ የባከነ መንፈቀ ዓመት በአገሩ የመቆየት ዕድልን ጭምር ሊያሳጣ ይችላል። እዚህ ላይ የደረሰ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ራሱን በስንፍና ይከሳል። የሥነ ልቦናና የሥነ ሕይወት ጥናቶች ግን ሌላ ምክንያት ያሳያሉ፦ ቀኑን አቁመው የያዙት ምሰሶዎች ከተማሪው ውጭ ነበሩ፤ አሁን ተነሥተዋል።

ያልተጻፈው ሠላሳ ሰዓት

በአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት 60 ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚፈጅ የተማሪ ሥራን ይወክላል። ይህም በዓመት ከ1500 እስከ 1800 ሰዓት ይሆናል፤ ለ40 ሳምንታት ሲካፈል ደግሞ በሳምንት ከ37 ሰዓት በላይ ነው። በክፍል ውስጥ የሚያልፈው ስምንት ሰዓት ከሆነ፣ ሠላሳ ያህሉ ሰዓት ተማሪው ራሱ የሚያነብበትና የሚጽፍበት ነው። መርሐ ግብሩ ላይ የሚታየው ግን ስምንቱ ብቻ ነው።

ያልተጻፈ ሰዓት ደግሞ በቀላሉ ይወሰዳል። የትርፍ ጊዜ ሥራ ፈረቃና አለቃ አለው፤ ንባብ ሁለቱም የለውም። ሁለቱ ሲጋጩ የሚሸነፈው ንባቡ ነው። ቤተሰብ ሲደውል፣ ጓደኛ ዕቃ ለማጓጓዝ እርዳታ ሲጠይቅ፣ «ዛሬ ትምህርት የለህም አይደል?» ለሚለው ጥያቄ ተማሪው መልስ ያጣል።

አእምሮ ጊዜን ሲገምት

ሥነ ልቦናውያኑ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ ሰዎች ሥራቸው የሚፈጀውን ጊዜ አሳንሰው የመገመት ዝንባሌ እንዳላቸው አመልክተዋል። ሮጀር ቢውለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ ባደረጉት ጥናት ይህንኑ በካናዳ ተማሪዎች ላይ ፈተሹ። ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንደሚጨርሱ ገመቱ፤ የፈጀባቸው ግን ከ55 ቀን በላይ ነበር። «ሁሉም ነገር ቢበላሽስ?» ተብለው ሲጠየቁ የሰጡት ግምት እንኳ 49 ቀን ያህል ነበር፤ እርሱም አልበቃም።

ሰው ሲያቅድ የሚያስበው ሥራው በተቃና መንገድ ሲሄድ ነው፤ ያለፈውን መዘግየቱን አያስታውስም። አንድ ትልቅ ፈተና በወሩ መጨረሻ ብቻ በሚሰጥበት ሥርዓት ደግሞ ስሕተቱ የሚገለጠው ጊዜው ካለቀ በኋላ ነው።

ብርሃንና የሰውነት ሰዓት

ሌላው ምሰሶ ፀሐይ ናት። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የቀኑ ርዝመት በዓመቱ ውስጥ የሚለዋወጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ኢትዮጵያውያን ሰዓትን ከንጋት ጀምረው መቁጠራቸውም ከዚህ ጋር ይስማማል። በስቶክሆልም ግን በታኅሣሥ አጋማሽ የቀን ብርሃን የሚቆየው ስድስት ሰዓት ያህል ነው፤ ፀሐይ የምትወጣውም በኢትዮጵያ አነጋገር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው።

የሰው ውስጣዊ ሰዓት አንድ ዙር ለመጨረስ በአማካይ ከ24 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። በየዕለቱ ወደ ቦታው የሚመልሰው በተለይ የጠዋት ብርሃን ነው። የጠዋት ትምህርት የሌለው፣ እስከ እኩለ ሌሊት ስልኩን ሲያይ አምሽቶ እስከ ረፋድ የሚተኛ ተማሪ ያን ብርሃን ያጣዋል፤ እንቅልፉም ቀስ በቀስ ወደ ኋላ እየዘገየ ይሄዳል። የነቃበት ሰዓት ለጥናት የማይመች መሆኑን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ምሰሶውን እንደገና ማቆም

መፍትሔው «ነገ ጠንክሬ አጠናለሁ» ከሚል ቃል ኪዳን ይልቅ ሰዓትና ቦታ መቁረጥ ነው። በጀርመን የሠሩት ፒተር ጎልዊትዘርና ቬሮኒካ ብራንድስታተር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። መቼና የት እንደሚጽፉ አስቀድመው ከወሰኑት ሦስት አራተኛ ያህሉ በጊዜው ጻፉ፤ ካልወሰኑት ግን ይህን ያደረጉት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነበሩ።

በዚህ መሠረት ሠላሳውን ሰዓት በመርሐ ግብሩ ላይ ቦታ እየሰጡ መጻፍ ይበጃል፦ «ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት፣ በቤተ መጻሕፍት፣ ምዕራፍ ሦስት»። የመነሻ ሰዓትን ትምህርት በሌለበትም ቀን አለመለወጥና በጠዋት ከቤት መውጣት የሰውነትን ሰዓት ይጠብቃል። የሥራን ጊዜ ሲገምቱም ያለፈው ተመሳሳይ ሥራ በትክክል የፈጀውን ቀን መነሻ ማድረግ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ዕቁብ ለብቻው መቆጠብ ያቃተውን ሰው የሚያስቆጥበው ቀኑ የታወቀ፣ ጠባቂውም ብዙ በመሆኑ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች በየሳምንቱ በአንድ ቀንና ሰዓት ተገናኝተው ያነበቡትን ለመነጋገር ቢስማሙ፣ ለጥናት ሰዓታቸው ይኸው ጥበቃ ይኖረዋል። ያን ጊዜ «ዛሬ ትምህርት የለህም አይደል?» ለሚል ሁሉ የሚሰጥ እውነተኛ መልስ አለ፦ «አለኝ፤ በ3 ሰዓት ይጠብቁኛል።»