የጭላሎ ጭስ

«እሳት ካየው ምን ለየው» ይላል ያገራችን ሰው። በበጋ ማብቂያ፣ ሣሩ ደርቆ ነፋሱ በሚበረታበት ጊዜ፣ ከአሰላ ከተማ ቀና ብሎ የጭላሎን ተራራ የሚመለከት ሰው አልፎ አልፎ ከአስታው መካከል ጭስ ሲወጣ ያያል። ብዙዎቻችን ተምረናል ባዮች «ምን ያለ ድንቁርና ነው!» ብለን እናልፋለን። እሳቱን ማን፣ ስለ ምን እንደ ለኰሰው ግን አንጠይቅም።

አስታ፣ በኦሮምኛ ሳቶ የሚባለው፣ በአርሲና በባሌ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚበቅል ቅጠለ ደቃቅ ተክል ነው። ሲያረጅ ጥቅጥቅ ይልና ለከብት ሣር ያሳጣል፤ ለአውሬም መሸሸጊያ ይሆናል። ስለዚህ ከብት አርቢው ዝናብ ከመምጣቱ አስቀድሞ ያቃጥለዋል። አስታው ከሥሩ መልሶ ያቈጠቍጣል፤ እስኪያድግም ድረስ በመካከሉ ለጋ ሣር ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በባሌ ስላለው ልማድ የታተመ አንድ ጥናት እንዳስረዳው፣ በቅርብ ዓመታት የተቃጠለ አስታ እሳት በቀላሉ አይዘውም። አርቢውም ይኸን ስለሚያውቅ እሳቱ የት ላይ እንደሚቆም አስቀድሞ ይገምታል።

እንግዲህ እሳት ሁሉ ከድንቁርና የመጣ አይደለም። ይሁን እንጂ ልማድ ነው ተብሎ አይናቅም። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የተነሣው እሳት ደኑን ለሳምንታት ሲበላ፣ ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው ታገሉት፤ ከውጭ አገርም ባለሙያዎች መጡ። ትልቁን እገዛ ያደረገው ግን የሰማይ ዝናብ ነበር። በአርሲም የሚያሠጋው ነገር ቀላል አይደለም። ከነዚህ ተራሮች የሚወርደው ውሃ በከታር ወንዝ አድርጎ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው የደጋ አጋዘንም መኖሪያው እዚያው ነው።

ሕግስ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 542 ደን ያቃጠለ ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት እንዲታሰር ደንግጎ ነበር፤ እርሱም በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1065 ተተካ። ነገር ግን ቅጣትን ብቻ የሚፈራ ሰው በሌሊት ለኵሶ ይሸሻል፤ የሸሸ ሰው ደግሞ እሳቱን አይጠብቅም። ለብዙ ዘመን ሳይነካ የተከማቸ አስታም አንድ ቀን የተያዘ እንደ ሆነ የሚመልሰው የለም።

ስለዚህ ወደ ወረዳ ለሥራ የምትሄድ ወጣት ሆይ፣ አዋጁን ከማንበብህ ጋራ ሽማግሌዎቹንም ጠይቅ። ለገበሬውም ይኸን አስረዳ፦ የስንዴና የገብስ ገለባ ከሚቃጠል ለከብት ቢከመር ይሻላል። በማሳው ላይ ቍጥቋጦ ማቃጠል ግድ የሆነበትም ዙሪያውን አስቀድሞ ይረስ፤ ጎረቤቱን ይጥራ፤ ነፋስ ባለበት ቀትር አይለኵስ፤ አመዱም ሳይበርድ ከስፍራው አይራቅ። ማር ቆራጩና ከሰል አክሳዩም እንዲሁ ያድርጉ።

እሳትን የሚያጠፋው ውሃ ሩቅ ነው። የሚጠብቀው ሰው ግን ቅርብ ሊሆን ይችላል።