በሶና ፓፓያ፦ አሰር የበዛበት የቁርስ መጠጥ በሰሜን ሸዋ ደጋ

አሰር (ፋይበር) የበዛበት የፍራፍሬ መጠጥ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ፍራፍሬው ነው። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ግን ከገብሱ መጀመር ይሻላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ውርጫማ ከተማ በመሆኗ ሙዝና ፓፓያ ወደ ገበያዋ የሚወጡት እንደ ሸዋ ሮቢት ካሉ ቆላዎች ነው። ገብስ ግን የደጋው የራሱ ምርት ሲሆን፣ ከእርሱ የሚዘጋጀው በሶ በውኃ ተበጥብጦ ሲጠጣ ኖሯል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል። በ100 ግራም ፓፓያ ውስጥ የሚገኘው 1.7 ግራም፣ በሙዝ ደግሞ 2.6 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ፍራፍሬ ብቻውን፣ በተለይም ስኳር ሲጨመርበት፣ የተባለውን ያህል አሰር ያለው ቁርስ አይሆንም። በጁስ ቤቶች ፍራፍሬው ሳይጠለል መፈጨቱ ግን መልካም ልማድ ነው፤ ብርቱካን ተጨምቆ ጭማቂው ብቻ ሲጠጣ አሰሩ ከሞላ ጎደል ከገለባው ጋር ይጣላል።

በ100 ግራም የገብስ ዱቄት ውስጥ 10 ግራም ያህል አሰር ይገኛል። ከዚህም ውስጥ ቤታ ግሉካን የተባለው የሚሟሟ አሰር የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ይህ አሰር በውኃ ሲርስ ዝልግልግ ይሆናል፤ በአንጀት ውስጥም የስኳርን ወደ ደም መግባት ያዘገያል፣ የሐሞት አሲድ ተመልሶ እንዳይመጠጥም ይይዛል። ጉበት የጎደለውን ለመተካት ኮሌስትሮል ስለሚጠቀም በደም ውስጥ ያለው መጠን ይቀንሳል። ለዚህ ውጤት በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን እንደሚያስፈልግ የአሜሪካና የአውሮፓ የምግብ ተቆጣጣሪዎች ተቀብለውታል። የስንዴ አሰር በአብዛኛው በፍሬው ሽፋን ላይ ሲሆን፣ የገብስ ቤታ ግሉካን ግን በውስጠኛው ክፍል ጭምር ስለተሰራጨ ገብሱ ቢፈተግም ብዙው ይቀራል። ያም ሆኖ በሶው እንዲነጣ ደጋግሞ መንፋት ሌላውን አሰር ያስቀራል፤ ለነጭነት ሲባል የሚከፈል ዋጋ መሆኑ ግን ብዙም አይታሰብም።

የገብስ ችግር ፋይቴት ነው። ብረትን አጥብቆ ስለሚይዝ ሰውነት ከእህሉ የሚያገኘውን ብረት ያሳንሳል፤ ይህም በተለይ ለሴቶችና ለሕፃናት ቀላል ጉዳይ አይደለም። ፋይቴትን የሚያፈርሰው ኢንዛይም በገብሱ ውስጥ ቢኖርም በቆላ ጊዜ በሙቀት ስለሚጠፋ፣ ገብሱን መዘፍዘፍ የሚጠቅመው ከመቆላቱ በፊት ነው። የፍራፍሬው ትክክለኛ ድርሻ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። የፓፓያና የሎሚ ቫይታሚን ሲ፣ ፋይቴት ቢኖርም፣ ብረት በተሻለ እንዲመጠጥ ይረዳል። ከቁርሱ ጋር ሻይ ወይም ቡና መጠጣት ግን ይህን ጥቅም ይሸረሽራል።

ለአንድ ሰው 40 ግራም በሶ፣ 150 ግራም የበሰለ ፓፓያ፣ ግማሽ ሙዝና አንድ ብርጭቆ ተኩል የተጣራ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ይበቃል። በሶው በቅድሚያ በጥቂት ውኃ ተበጥብጦ እብጠቱ ከጠፋ በኋላ ቀሪው ይጨመራል፤ ፍራፍሬው አብሮ ይፈጫል፣ የሎሚ ጭማቂ በመጨረሻ ይገባል። መፍጫ በሌለበት ቤት ፓፓያና ሙዙን በሹካ መድቆ መምታት ይቻላል። አሥር ደቂቃ ያህል ሲቆይ ይወፍራል፤ ስኳር አያስፈልገውም። ይህ መጠን 8 ግራም ያህል አሰር ይሰጣል። ታምሶ የተወቀጠ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ ሲጨመር ወደ 11 ግራም ገደማ ይደርሳል። ወተት ስለሌለበት ለጾም ወራትም ይሆናል።

አሰር ያልለመደ ሰው በግማሽ መጠን ቢጀምር የሆድ መነፋትን ይቀንሳል፤ ውኃም በቂ መጠጣት አለበት። ገብስ ግሉተን ስላለው የሴሊያክ ሕመም ያለበት ሰው በሶውን ትቶ ተልባውንና ፍራፍሬውን ብቻ ይጠቀማል።