የምስክርነት ሥልጣን በስም ስለሚወሰንበት መንገድ፤ የዲጂታል ምስክር ወረቀትና ነገር-ተኮር ፕሮግራም

1. መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ለዲጂታል ምስክር ወረቀት ሰጪ አካል የሚሰጠው ሥልጣን በስም እንዴት እንደሚወሰን፣ ወሰኑም በነገር-ተኮር የፕሮግራም አጻጻፍ እንዴት እንደሚገለጽ ለመምህራንና ለዕቅድ ባለሙያዎች ማስረዳት ነው።

ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነትና ከየቡ ተጭኖ ወደ ጅማ የሚገባውን ቡና የሚገዛ ነጋዴ፣ ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ በዓይኑ አላየም። የሚተማመነው አብሮ በሚመጣው ሰነድና ማኅተም ነው። ይሁን እንጂ የሊሙን ቡና እንዲያረጋግጥ የተወከለ ሰው በዚያው ማኅተም «ይህ የይርጋጨፌ ቡና ነው» ብሎ መመስከር ከቻለ፣ ማኅተሙ እውነተኛ ቢሆንም ምስክርነቱ ዋጋ ያጣል። ጉድለቱ በማኅተሙ ላይ ሳይሆን ውክልናው ወሰን ያልተበጀለት በመሆኑ ላይ ነው። በኮምፒዩተር መረብ ያለውም ችግር ከዚህ የተለየ አይደለም።

2. የእምነት ሰንሰለት

ዲጂታል ምስክር ወረቀት የባለቤቱን ስም፣ የባለቤቱን ይፋዊ ቁልፍና የሰጪውን አካል ፊርማ የያዘ ሰነድ ነው። ሰጪው አካል ራሱ ከበላዩ ካለ ሌላ አካል ምስክር ወረቀት የተቀበለ ሊሆን ይችላል። እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ «ሥር» እስከሚባለው የመጨረሻው አካል ይደርሳል። በአገራችን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የሥር ምስክር ወረቀት ሰጪነቱን ኃላፊነት ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ሰጥቷል፤ መሥሪያ ቤቱ ዛሬ አስተዳደር ተብሎ ይጠራል።

ጉዳዩ ለትምህርት ቤቶች ሩቅ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2008 ዓ.ም. አስቀድሞ በመውጣቱ ተሰርዞ በሌላ ጊዜ ተሰጥቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሆነው ሲፈተኑ፣ በ2016 ዓ.ም. የተወሰኑት በኮምፒዩተር አማካይነት ተፈትነዋል። የስም ወሰን በወረቀት ላይ የሚፈጸመውን ስርቆት አያስቀርም። ፈተናው በመረብ ሲሰጥ ግን ተማሪው የከፈተው ገጽ በእርግጥ የፈታኙ መሥሪያ ቤት ገጽ ስለመሆኑ ማረጋገጫው ይኸው ሰንሰለት ነው።

3. ወሰን የሌለው ሥልጣን ያስከተለው ጉዳት

እ.ኤ.አ. በ2011 ዲጂኖታር የተባለው የኔዘርላንድ ምስክር ወረቀት ሰጪ ድርጅት በሰርጎ ገቦች ተደፍሮ ከ500 በላይ ሐሰተኛ ምስክር ወረቀቶች ወጡ። በጉግል ስም የወጣው በኢራን ተጠቃሚዎች ላይ ሥራ ላይ ውሏል፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት ከሰረ። እ.ኤ.አ. በ2013 በፈረንሳይ፣ በ2014 ደግሞ በህንድ፣ በመንግሥት ሥር ካሉ ሰጪ አካላት ለጉግል ስሞች ያልተፈቀዱ ምስክር ወረቀቶች ወጡ። በዚህ ምክንያት ጉግል በማሰሻው ውስጥ የፈረንሳዩን ሥልጣን በፈረንሳይ ስሞች፣ የህንዱን ደግሞ በተወሰኑ የህንድ ስሞች ብቻ ወሰነው። ወሰኑ የተበጀው ከጥፋቱ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

4. የወሰኑ ደንብ

አርኤፍሲ 5280 በመባል የሚታወቀው የእ.ኤ.አ. 2008 ሰነድ ወሰኑ በሰጪው አካል ምስክር ወረቀት ላይ አስቀድሞ እንዲጻፍ መንገድ ይሰጣል። ዋና ዋናዎቹ ደንቦች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) ሁለት ዝርዝሮች አሉ፤ እነርሱም የተፈቀዱና የተከለከሉ ስሞች ናቸው። አንድ ስም በሁለቱም ውስጥ ከተገኘ ክልከላው ይጸናል።
ለ) ስሞች በዓይነት ይለያያሉ፤ የመረብ ስም፣ የኢሜይል አድራሻ፣ የአይፒ ቁጥርና ሌሎችም አሉ። ለመረብ ስም የተጻፈ ወሰን ኢሜይልን አይገድብም። ይህን የዘነጋ ዕቅድ አውጪ አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል።
ሐ) በሰንሰለቱ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር የተፈቀደው ይጠብባል፣ የተከለከለው ይሰፋል። የበታች አካል ከበላዩ ያልተቀበለውን ሥልጣን ለራሱ ሊጨምር አይችልም።
መ) ወሰኑ ግዴታ ተብሎ መመዝገብ አለበት። ወሰኑን ማንበብ የማይችል ፕሮግራም ምስክር ወረቀቱን መጣል እንጂ በዝምታ ማለፍ አይፈቀድለትም።

5. በነገር-ተኮር ፕሮግራም ሲገለጽ

ብዙ ጀማሪዎች ደንቡን በአንድ ረጅም የ«ከሆነ» ዝርዝር ይጽፉታል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ አንድ የስም ዓይነት ቢረሳ የሚያስጠነቅቅ የለም። በነገር-ተኮር አጻጻፍ ግን «ወሰን» የተባለ አጠቃላይ መደብ ይዘጋጃል፤ ግዴታውም «ይህ ስም በውስጥህ ነውን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። የመረብ ስም ወሰን፣ የኢሜይል ወሰንና የአይፒ ወሰን ከዚህ መደብ ይወርሳሉ፤ እያንዳንዱም ጥያቄውን በራሱ ሕግ ይመልሳል። መልሱን ያልጻፈ መደብ ፕሮግራሙ ከመሠራቱ በፊት ስህተቱ ይገለጣል።

ከእነዚህ በላይ «የወሰን ስብስብ» የተባለ ኦብጀክት ሁለቱን ዝርዝሮች ይይዛል። ሁለት ተግባሮች አሉት፤ አንደኛው ስምን ይዳኛል፣ ሁለተኛው የበታቹን ወሰን ተቀብሎ ጠበብ ያለ አዲስ ስብስብ ያወጣል። ስብስቡ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ አይለወጥም፤ የማስፊያ ተግባርም የለውም። ስለዚህ በፊደል ሐ የተጠቀሰው ደንብ በፕሮግራም ጸሐፊው ጥንቃቄ ላይ ሳይሆን በኦብጀክቱ አሠራር ላይ ይመሠረታል።

6. ለክፍል ውስጥ የሚሆን መልመጃ

ለምሳሌ ያህል በጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምስክር ወረቀት የሚሰጥ ክፍል ተቋቋመ እንበል። የተፈቀደለት ስም «ጄዩ.ኢዲዩ.ኢቲ»፣ የተከለከለው «ፈተና.ጄዩ.ኢዲዩ.ኢቲ» ነው። የላቲኑ ፊደላት እዚህ የተጻፉት በአጠራራቸው ነው። የሚከተሉትን ስሞች ተማሪዎች ይዳኙ።

1ኛ) ቤተመጻሕፍት.ጄዩ.ኢዲዩ.ኢቲ
2ኛ) ሐሰትጄዩ.ኢዲዩ.ኢቲ
3ኛ) ውጤት.ፈተና.ጄዩ.ኢዲዩ.ኢቲ
4ኛ) ጄዩ.ኢዲዩ.ኢቲ.ኮም

የሚፈቀደው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሦስተኛው በክልከላው ይወድቃል፤ አራተኛው መጨረሻው ሌላ ነው። ከሁሉም የሚያስተምረው ሁለተኛው ነው። ፊደላቱን ብቻ ከመጨረሻ የሚያነጻጽር ፕሮግራም «በጄዩ.ኢዲዩ.ኢቲ ያልቃል» ብሎ ያሳልፈዋል። ትክክለኛው ዳኝነት ስሙን በነጥቦቹ ለይቶ ቃል በቃል ከቀኝ ወደ ግራ ማነጻጸር ነው። «ሐሰትጄዩ» እና «ጄዩ» የተለያዩ ቃላት በመሆናቸው ስሙ ይጣላል።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደተገለጸው፣ እምነት መስጠትና እምነትን መወሰን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በመሆኑም የዕቅድ ባለሙያው ለበታች አካል ምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ሲወከል ሦስት ነገሮችን ሊጠይቅ ይገባል፤ ወሰኑ በጽሑፍ አለን? ሁሉንም የስም ዓይነቶች ያካትታልን? ግዴታ ተብሎ ተመዝግቧልን? መምህሩ በበኩሉ ከላይ የቀረበውን መልመጃ በወረቀትም ሆነ በኮምፒዩተር ሊያሠራ ይችላል። የአጋሮ ተማሪ የማኅተምን ዋጋ ከቡናው ጆንያ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ከመምህሩ የሚጠበቀው ይህን ዕውቀት ወደ አዲሱ መሣሪያ ማሸጋገር ነው።