ቤታችንን በምን እናሙቅ?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዷ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ታዲያ በኪራይ ክፍል የሚያድር ተማሪ ክፍሉን በምን ያሙቅ?

ብዙዎቻችን የምንመርጠው ከሰል ነው። ምድጃው ርካሽ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ጢሱ እስኪያልቅ ደጅ አቆይተን ፍሙን ስናስገባም ጉዳቱ የቀረ ይመስለናል። ነገር ግን ከቀላው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ይወጣል። ይህም ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይቀማል። ምልክቱ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ሊሞት ይችላል።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይህ መርዝ የለበትም። ባለ 1,500 ዋቱ በአንድ ሰዓት 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃልና ወጪውን አስቀድሞ ማስላት ይገባል። ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስም ይራቅ።

ለማሞቂያ አቅም ያነሰን እንደሆነ ግን፣ ምድጃውን ደጅ ትተን ጋቢ ደርበን እንተኛ። ብርዱ ሲነጋ ያልፋል።